ቀለም በተቀባ ቁጥር የሚፋፋ ግድግዳ፦ ውሃው ከየት ነው የሚመጣው? (ሐዋሳ)

የሐይቅ ዳሯ | ጥር 14፣ ምሽት 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ፣ ሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ ነን። ቤቱ ቪላ ነው፤ ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ወላጆቼ ናቸው የሠሩት። በኋላ በጓሮ በኩል ሁለት ክፍል ተቀጥሎበታል።

ችግሩ መኝታ ቤታችንንና ኮሪደሩን የሚለየው ግድግዳ ላይ ነው። ከወለሉ ተነስቶ እስከ ጉልበት፣ መሃሉ ላይ ደግሞ እስከ ወገብ ድረስ ቀለሙ ይፋፋል። በጣት ሲነኩት ከነስቱኮው ይረግፋል። ከሥሩ ነጭ ዱቄት አለ። ቁም ሣጥኑን ከዚያ አንስተነዋል፤ ጀርባው ሻግቶ ነበር።

ለታኅሣሥ ገብርኤል እንግዳ ስለነበረብን ስቱኮ አስመትተን አስቀባነው። ጥምቀት ሳይደርስ ተመለሰ። ቀለም ቀቢው «ሐይቅ ዳር እስከኖራችሁ ድረስ መልመድ ነው» ይላል። የመጣው የቧንቧ ሠራተኛ ደግሞ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች እንስበረው ባይ ነው። ባለቤቴ ሁለቱንም አላመናቸውም። እንዲህ ያለ ነገር የገጠማችሁ ካላችሁ በእናታችሁ አንድ በሉኝ።

ቆሮሶ ለብለብ

ዓሣ ካየሽበት ሐይቁ ነው። ካላየሽ ቧንቧ ነው። ቀልዴን ነው፣ ግን እየተከታተልኩ ነው። የእኛም ቤት ጀማምሮታል።

ፈጣን መፍትሔ

ይሄ እኮ የታወቀ ነገር ነው፤ ከመሬት የሚሳብ እርጥበት። ልስኑን አራግፊውና ሬንጅ አስቀቢው፣ በላዩ እስከ ወገብ ድረስ ሴራሚክ ለጥፊበት። እኔ ስንት ቤት ላይ አሠርቻለሁ፤ ንቅንቅ የለም።

ሮለር

ቀለም ቀቢ ነኝ፤ የሙያ ወንድሜን ትንሽ ልከላከልለት። ሰው የሚጠራን እንግዳ በር ላይ ሲደርስ ነው። «ይድረቅ» ስንል የሚሰማን የለም። እርጥብ ግድግዳ ላይ ስቱኮ መምታት ውሃ መውቀጥ ነው። በተለይ ጄሶ ያለበት ስቱኮ ውሃ ሲያገኘው ይልማል፣ ቀለሙንም ይዞት ይወርዳል። ደግማችሁ ከመቀባታችሁ በፊት ምንጩን ፈልጉ። ለእኛም ስም ይሻላል።

ጡረተኛው ፎርማን | ጥር 15፣ ጠዋት 1፡30

ልጄ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር። እዚያ ግድግዳ ላይ ሶኬት ወይም ማብሪያ አለ? ካለ ብሬከሩን አውርዱት። ሌላውን ከዚያ በኋላ እናወራለን።

አሁን ወደ ግድግዳው። ሰው ሁሉ «የት ነው የረጠበው?» ብሎ ይጀምራል። እኔ የምጀምረው «መቼ ነው የሚብስበት?» ብዬ ነው። ውሃ ብሎኬት ውስጥ አንዴ ከገባ በብሎኬቱ ባዶ ሆድ ይወርዳል፣ ግሬድ ቢሙ (ግድግዳው የተቀመጠበት የኮንክሪት ማሰሪያ) ላይ ይተኛል፣ ወደ ጎን ይሄዳል። ልስኑ ደከም ያለበት ቦታ ሲያገኝ ብቅ ይላል። የገባበትና የወጣበት ቦታ ብዙ ሜትር ሊራራቁ ይችላሉ። ጊዜው ግን ብዙም አይዋሽም። ዝናብ በጣለ ማግስት የሚብስ ከሆነ ጣሪያ፣ አሸንዳ ወይም የውጭ ግድግዳ ነው። በጋ ከክረምት የማይለይ ከሆነ ቧንቧን ወይም መሬትን ጠርጥሩ። ሌሊት በብርድ ወዝቶ ቀን የሚደርቅ ከሆነ ደግሞ የሰውና የማብሰያ እንፋሎት ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ አርፎ ነው። ያኛው ጥቋቁር የሻጋታ ነጠብጣብ ያበዛል፣ የሚወደውም የክፍል ጥግንና የቁም ሣጥን ጀርባን ነው።

አሁን ጥር ነው። ሐዋሳ ላይ ደህና ዝናብ ከጣለ ቆይቷል። የእናንተ ግድግዳ ደግሞ የውስጥ ነው፣ ዝናብ የሚመታው ፊት የለውም። ስለዚህ ጣሪያውን ለጊዜው ተዉት።

ሐይቁን በተመለከተ። የሐዋሳ ሐይቅ በምድር ላይ የሚታይ መውጫ የለውም። የዝናቡ ዓመት ጥሩ ሲሆን ይሞላል፣ በዳሩ ያለው ሰፈርም የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ነው። የጎርፍ መከላከያው የአፈር ክትር በከንቱ አልተሠራም። ግን ሐይቁ አንድ ግድግዳ መርጦ አይወጣም። ከመሬት የሚሳብ ቢሆን የውጩም፣ የሰርቪሱም፣ የአጥሩም ሥር አብሮ ይረጥብ ነበር። ዞር ዞር በይና አይተሽ ንገሪኝ።

ሬንጅ ላልከው ወንድሜ፦ ሬንጅ ውሃውን አያደርቀውም፤ መውጫውን ነው የሚዘጋበት። ውሃው ከሬንጁ ጫፍ በላይ ይወጣል። እስከ ወገብ ሴራሚክ የተለጠፈበትን ቆይተህ ደረት ላይ ታገኘዋለህ።

እነዚህን መልሱልኝ፦ ከግድግዳው ወዲያም ወዲህም ሽንት ቤት ወይም ወጥ ቤት አለ? ሁለቱ ክፍሎች ሳይቀጠሉ እዚያ ቦታ ምን ነበር? ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣላችሁ? ከመጣስ በየትኛው ሰዓት?

ፈጣን መፍትሔ

ጋሼ በአክብሮት ልቃወምዎት። ነጩ ዱቄትስ? ጨው ከመሬት ነው የሚመጣው። የስምጥ ሸለቆ አፈር ደግሞ ጨው እንዳለበት ይታወቃል።

ጡረተኛው ፎርማን

ከመሬትም ይመጣል፤ ከብሎኬቱም፣ ከስሚንቶውም፣ ከአሸዋውም ይመጣል። ዱቄቱ የሚነግርህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ውሃ በዚህ አልፎ እዚህ ፊት ላይ ተኗል። ከየት እንደተነሳ አይነግርህም። የቧንቧ ውሃም ብሎኬቱ ውስጥ ያለውን ጨው አሟሙቶ ያወጣዋል። ከመሬት የሚሳብ እርጥበት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከወለል 1 ሜትር ገደማ ላይ ይቆማል፣ የላይኛው ጠርዙም በግድግዳው ርዝመት ሁሉ ተቀራራቢ ከፍታ ይኖረዋል። የእሷ መሃሉ ላይ ጉብ ብሏል አለች። ያ ነው የከነከነኝ።

የአላሙራዋ

የእኛ ግን እውነትም ከመሬት ነበር፤ ስለዚህ ሁሉም ቧንቧ ነው እንዳትሉ። የውጭ ግድግዳ ነው። መንገዱ ኮብልስቶን ሲነጠፍ ከግቢያችን ከፍ አለ። እኛ ደግሞ ጎርፍ እንዳይገባ ብለን ግቢውን በአፈር ሞላነው። በዚያ ላይ ባለቤቴ እንሰትና ሙዝ ግድግዳው ሥር ተክሎ ማታ ማታ በጎማ ያጠጣል። አፈሩ ከቤቱ ወለል በላይ ሆኖ ግድግዳውን ተደግፎት ነበር። አፈሩ ከወለሉ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ብሎ ተጠረገ፣ እንሰቱ ወደ አጥሩ ተዛወረ፣ የጣሪያው አሸንዳም ተስተካከለ። ግድግዳው ቀስ እያለ ደረቀ። ባልየው እስከ ዛሬ የሚያዝነው ለሙዙ ነው።

የሐይቅ ዳሯ | ጥር 16፣ ምሽት 1፡50

ጋሼ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ሶኬት አለ፤ ብሬከሩን አውርደናል። ባለቤቴ ፈትቶ ሲያየው ብሎኖቹ ዝገው፣ ከኋላ ያለው ሳጥን ውስጥ ውሃ ወዝቶ ነበር። ልጆቹ ስልክ ቻርጅ የሚያደርጉት በእሱ ነው! ሳስበው አሁንም ይዘገንነኛል።

የውጩን ግድግዳ ዞሬ አየሁት። ደረቅ ነው። አጥሩም፣ ሰርቪሱም ደረቅ ነው። ከግድግዳው ወዲያም ወዲህም ሽንት ቤት የለም፤ ሻወሩ በቤቱ ሌላ ጫፍ ነው።

እናቴን ስጠይቃት ግን አንድ ነገር ነገረችኝ። ክፍሎቹ ሳይቀጠሉ አሁን ኮሪደር የሆነው ቦታ ጓሮ ነበር። እዚያው ግድግዳ ላይ ልብስ ማጠቢያ ገንዳ ነበረን፣ ቧንቧ የነበረው። እኔም ትዝ አለኝ። ቧንቧው በየት እንደገባና በየት እንደተቆረጠ የሚያውቅ የለም፤ የሠራው ሰውዬም በሕይወት የለም። ውሃ በፈረቃ ነው፣ ብዙ ጊዜ ሌሊት ይመጣል። ሮቶው ብረት ማማ ላይ ነው።

ቆጣሪና ቧንቧ

ሳኒተሪ ነው ሥራዬ፣ መነኻሪያ አካባቢ። «የድሮ ገንዳ» ሲባል ጆሮዬ ቆመ።

እህቴ፣ እናንተ ቤት ሁለት የውሃ መስመር አለ። አንዱ ከቆጣሪው እስከ ሮቶው ነው። እሱ ግፊት የሚያገኘው የከተማው ውሃ ሲመጣ ብቻ ነው። ሁለተኛው ከሮቶው ወደ ቤት የሚወርደው ነው። እሱ ላይ ሁሌም ውሃ አለ፣ ግፊቱ ግን ትንሽ ነው። 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ገደማ ይሰጣል፤ ስለዚህ 6 ሜትር ማማ ላይ ያለ ሮቶ ከ0.6 ባር ብዙም አይዘልም። የከተማው ግፊት ከዚህ እጥፍ ድርብ ሊሆን ይችላል፣ ሌሊት ሰው ሲተኛ ደግሞ ይጨምራል። ግድግዳው የሚብሰው ውሃ በመጣ ማግስት ከሆነ የመጀመሪያውን መስመር ያዢ። ፈረቃው ለዚህ ጠቅሞሻል በይ!

እንዲህ አድርጊ። ውሃ በመጣ ሌሊት ሮቶው ሞልቶ ተንሳፋፊው እስኪዘጋ ጠብቂ። የትርፍ ውሃ መውጫው እንዳያንጠባጥብ እዪ፤ ካንጠባጠበ ተንሳፋፊው አልዘጋም ማለት ስለሆነ ፈተናው አይሠራም። ከዚያ በባትሪ ወደ ቆጣሪው ሂጂ። ቁጥሮቹን ተያቸው። መስታወቱ ሥር ትንሽ ኮከብ የምትመስል መሽከርከሪያ አለች። ሮቶው ተዘግቶ እሷ ከዞረች ውሃው በመንገድ ላይ እየጠፋ ነው።

ካልዞረች ሁለተኛውን መስመር ፈትኚ። ማታ ሁሉንም ቧንቧ ዝጊ፣ የሽንት ቤቱን ታንክ መዝጊያም አትርሺ። የሮቶውን ውሃ ልክ ምልክት አድርጊ፣ ጠዋት ተመልከቺ። ይሄን የከተማው ውሃ በማይመጣበት ሌሊት ነው የምታደርጊው፤ አለበለዚያ እየሞላ ያታልልሻል።

እና መዶሻ ይዞ ለሚመጣ ሰው በር አትክፈቺ። የሙያ ወንድሜ ቢሆንም።

ጡረተኛው ፎርማን

ጥሩ ብለሃል። እኔ የምጨምረው እርሳስ ነው። ልጄ፣ የእርጥበቱን ጠርዝ ግድግዳው ላይ በእርሳስ አስምሪው፣ ቀኑን ጻፊበት። ውሃ በመጣ ማግስትና ባልመጣ ማግስት ከመስመሩ ጋር አስተያዪው። ዓይን ይረሳል።

የኮንዶሚኒየም ሰው

ውይይቱን ላለመጥለፍ፣ አጭር ጥያቄ። 3ኛ ፎቅ ነኝ። የሻወር ቤቴ ጣሪያ ጥግ ላይ ቢጫ ክብ አለ። የላይኛዋ ጎረቤት «የኔ ደረቅ ነው» ትላለች። ቤቷ ገብቼ እንዴት ላረጋግጥ?

ቆጣሪና ቧንቧ

በሰላም ለምናት፣ ቡናም ጠጡ። የወለሏን ውሃ መውረጃ በጨርቅና በላስቲክ ጥብቅ አድርገህ ድፈነው። ውሃ 5 ሴንቲ ያህል ሙላበት፤ ወደ በሩ እንዳይፈስ ግን ደፉን አስቀድመህ እይ። ሴራሚኩ ላይ ምልክት አድርገህ አንድ ቀን አሳድረው። ውሃው ከቀነሰና ያንተ ክብ ከሰፋ ወለሉ ነው የሚያሳልፈው። ወለሉ ይዞ ሻወር ሲከፈት ብቻ የሚመጣ ከሆነ መውረጃ ቱቦው ወይም የግድግዳው ሴራሚክ መጋጠሚያ ነው። ሻወሩን ሳትከፍት በራሱ የሚንጠባጠብ ከሆነ ደግሞ ግፊት ያለው ቧንቧ ነው፤ የእሷን መዝጊያ ዘግታችሁ እዩት።

ሲስተርዬ

ስለ ግድግዳው አላውቅም፤ ስለ ሻጋታው ግን አንድ ነገር ልበል። በእርጥብ ቤት የሚኖሩ ሰዎች ላይ ሳል፣ የአተነፋፈስ ችግርና አስም እንደሚበዛ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ ላይ አስፍሮታል። የቁም ሣጥኑን ጀርባ በደረቁ አትጥረጉት፤ ብናኙ ይነሳል። አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ በእርጥብ ጨርቅና በሳሙና ጥረጉት፣ ፀሐይ ላይ አውጡት። አስም ያለበት ልጅ ካለ እስኪደርቅ ሌላ ክፍል ይደር።

የሐይቅ ዳሯ | ጥር 21፣ ጠዋት 3፡05

ዞረች! ሮቶው ሞልቶ፣ ተንሳፋፊው ተዘግቶ፣ የትርፍ መውጫው ደርቆ፣ ትንሿ ኮከብ ቀስ ብላ ትዞራለች። ባለቤቴ በባትሪ እያበራልኝ ለረጅም ጊዜ ቆመን አየናት። የውሃ ቢላችን ለምን ከፍ እንዳለም አሁን ነው የገባን። ያን ጊዜ ልጆቹ ሻወር ያበዛሉ ብለን ነበር።

የእርሳሱ መስመርም ያው ነው። ውሃ በመጣ ማግስት እርጥበቱ ከመስመሩ ወጣ ብሏል፣ በተለይ መሃሉ ላይ። ባልመጣ ጊዜ አይነቃነቅም።

ጎረቤታችን ደግሞ የእርጥበት መለኪያ አመጣልን፣ ሁለት መርፌ ያለው። ግድግዳው ላይ ስንወጋው ከላይ እስከ ታች «እርጥብ» ይላል። ደረቅ የሚመስለውንም ጭምር። ግራ ገባን።

ጡረተኛው ፎርማን

መለኪያው ለእንጨት የተሠራ ነው። ብሎኬትና ልስን ላይ የሚያሳየው ቁጥር ትክክለኛ መጠን አይደለም፣ ጨውም ያታልለዋል፤ ደረቅ ግድግዳ ጨው ከያዘ እርጥብ ነው ይልሻል። የሚጠቅመው ለማወዳደር ነው። በጠመኔ ክንድ በክንድ ካሬ አስምሩ፣ በየካሬው ለኩና ቁጥሩን እዚያው ጻፉ። ከፍተኛውን ቁጥር ተከትላችሁ ሂዱ። ኮሪደሩንም በዚያው መንገድ ለኩት። ሙቀት የሚያሳየው ካሜራም ቢሆን ውሃ አያሳይም፤ ውሃው ሲተን የሚቀዘቅዘውን ቦታ ነው የሚያሳየው። ካሜራ ያለው ሰው «አየሁት» ቢላችሁ በሌላ መንገድም አረጋግጡ።

ቆጣሪና ቧንቧ

አሁን መስመሩ ታወቀ፤ ቦታው ግን ገና ነው። ቢሆንም ቦታውን ፍለጋ አትስበሩ። ከቆጣሪው እስከ ሮቶው በጊዜያዊ ጎማ በውጭ በኩል አገናኙ፣ የድሮውን መስመር ከቆጣሪው ላይ ለዩት። ጎማው ግፊት የሚችል ይሁን፣ በክላምፕ አጥብቁት። እንደዚያ ሆኖ ጥቂት ፈረቃ ይለፍ። ኮከቧ ከቆመችና ግድግዳው ከመስመሩ ካልወጣ ጉዳዩ አለቀ። ከዚያ በኋላ የድሮውን መስመር ጨርሶ ትታችሁ አዲስ ፒፒአር (የፕላስቲክ ቧንቧ) በውጭ መዘርጋት ነው፤ ግድግዳ የመስበሩን ያህል አያስወጣም።

ከመለየታችሁ በፊት ግን ውሃ በሚመጣበት ሌሊት ቤቱ ጸጥ ሲል ብረት ዘንግ ያዙ። አንዱን ጫፍ ከቆጣሪው የሚወጣው ቧንቧ ላይ፣ ሌላውን ጆሯችሁ ላይ። ከዚያ የኮሪደሩን ወለል በየቦታው። የሚያፈስ ቧንቧ ይሰማል።

ፈጣን መፍትሔ

እሺ፣ ቧንቧ ይሁን። ግን ሐይቅ ዳር ላይ ከሥርም ሊኖር እንደሚችል አትርሱ። ሁለቱም አብረው ይኖራሉ።

ጡረተኛው ፎርማን

ልክ ነህ፣ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። ለዚህ ነው ቧንቧው ከተዘጋ በኋላ እርሳሱን አትጣሉ የምለው። ጠርዙ ወርዶ ወርዶ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ከቀረ፣ ያኔ ያንተን እናነሳለን።

የሐይቅ ዳሯ | የካቲት 5፣ ምሽት 2፡30

ጎማው ከተገጠመ ወዲህ ኮከቧ ቆማለች፣ እርጥበቱም ከእርሳሱ መስመር አልወጣም። አዲሱ ፒፒአር በአጥሩ ሥር አልፎ ሮቶው ጋ ደርሷል።

ግድግዳውን መስበር አያስፈልግም ተብሎ ነበር። ባለቤቴ ግን ሳያይ እንቅልፍ አልወስድ አለው። ጎማው ከመገጠሙ በፊት ሌሊት በዘንግ ስናዳምጥ ከኮሪደሩ መሃል ድምፅ ይመጣ ነበር፤ ሽው የሚል፣ ቀጭን። እዚያው አካባቢ አንድ ሴራሚክ ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ አለው። እሱን ብቻ አነሳነው። ከሥሩ ያለው አሸዋ ረጥቦ ጠቁሯል። በእጅ ስንቆፍረው የድሮ የብረት ቧንቧ ወጣ፣ ወደ ግድግዳው ዞሮ ይገባል። ገንዳው ሲነሳ ጫፉ በቡሽ ነገር ተዘግቶ፣ በላዩ ስሚንቶ ተደፍቶበት ነው የተቀጠለው ክፍል ወለል የፈሰሰበት። ጥርሱን ዝገት በልቶታል፤ በጥፍር ሲጫኑት በቅርፊት በቅርፊት ይነሳል። ውሃው ከዚያ እየወጣ ግሬድ ቢሙ ላይ ተኝቶ ወደ መኝታ ቤቱ ግድግዳ ይሄድ ነበር። ጋሼ እንዳሉት፣ ከታየበት ቦታ ራቅ ብሎ ነው የተገኘው።

የመጣው ሠራተኛ ከላይ እስከ ታች ሊሰብረው የነበረው ቦታ ላይ ምንም ቧንቧ የለም።

አሁን ጥያቄዬ፦ መቼ እንቀባው? ፋሲካ እየመጣ ነው።

ሮለር

ፋሲካን እርሺው እኔ አልልም፤ ጋሼ ይበሉሽ።

ጡረተኛው ፎርማን | የካቲት 6፣ ጠዋት 2፡00

ለፋሲካ መጋረጃ አድርጉበት።

ግድግዳ በቸኮልሽ መጠን አይደርቅም። ለድፍን ግንብ የቆየው የልማድ ልኬት በወር 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ገደማ ነው። የእናንተ ብሎኬት ባዶ ሆድ ስላለውና በሁለቱም በኩል ስለሚተነፍስ ሊፈጥን ይችላል፤ ቢሆንም ወራት ነው የምታስቢው። ግሬድ ቢሙ ላይ የተኛው ውሃም አለ።

ልስኑንና ስቱኮውን ከእርጥበቱ ጠርዝ በላይ ሌላ ክንድ ያህል ጨምራችሁ በሁለቱም ፊት አራግፉት፤ ጨው የጠጣ ልስን ቢደርቅም ከአየር ላይ እርጥበት እየሳበ መልሶ ይወዛል። ፍርስራሹን እዚያው ግድግዳው ሥር አትከምሩት፤ ከግቢ አውጡት። ብሎኬቱ ላይ የሚወጣውን ነጭ ዱቄት በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት፣ በውሃ አትጠቡት፤ በውሃ ካጠባችሁት ጨው ተመልሶ ይገባል። መስኮትና በር ክፈቱ፣ ቬንትሌተር ካለ ወደ ግድግዳው አዙሩት። ሶኬቱን ኤሌክትሪሺያን ሳያየው አትመልሱት፤ ሳጥኑና ሽቦው ይቀየር።

ደርቋል ስትሉ ይህን ሞክሩ። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ፕላስቲክ በፕላስተር አራቱን ጎን ጥብቅ አድርጋችሁ ብሎኬቱ ላይ ለጥፉ፣ አንድ ሁለት ቀን ይቆይ። ከፕላስቲኩ ጀርባ፣ ማለት በግድግዳው በኩል፣ ጠል ካለ ገና ነው። ጀርባው ደረቅ ሆኖ በክፍሉ በኩል ከወዛ ደግሞ የክፍሉ አየር ነው። ቆሮሶ፣ የእናንተም ጀምሯል ብለህ ነበር፤ አንተም በዚህ ጀምር።

ከዚያ ኖራ የተጨመረበት ልስን፣ በመጨረሻም በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም። ዘይት ቀለም እንዳታስነኩት። የበልጉ ዝናብ ከመጋቢት ጀምሮ ይመጣል፤ ጥቂት ዝናብ አልፎበት እርሳሱ መስመር ላይ ምንም ካላያችሁ ልሰኑ።

ቆሮሶ ለብለብ

ለጥፌዋለሁ ጋሼ። በክፍሉ በኩል ነው የወዛው። ልጆቹ እዚያ ክፍል ልብስ ያሰጣሉ፣ መስኮቱም አይከፈትም። እኔ ደግሞ ሐይቁን ስወቅስ!

ቆጣሪና ቧንቧ

እህት ሐይቅ ዳሯ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። አዲሱ ፒፒአር አፈር ሳይለብስ በፊት በግፊት ተፈትኗል? የፒፒአር መጋጠሚያ በ260 ዲግሪ ሙቀት ነው የሚጣበቀው። ማሽኑ በደንብ ሳይግል ከተጣበቀ ዛሬ ይዞ ቆይቶ ይለቃል። ቦዩን እንዳትደፍኑት። በእጅ ፓምፕ ከመደበኛው ግፊት አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ሙሉት፣ መለኪያው ሳይወርድ ይቆይ፣ ከዚያ አፈር ልበሱት። የሄደበትንም መስመር ፎቶ አንሱት፤ ከአጥሩ ስንት ሜትር እንደሚርቅ ለክታችሁ ጻፉና ከካርታው ጋር አስቀምጡት።

የሐይቅ ዳሯ

አልተደፈነም፤ ቅዳሜ ፓምፕ ይዞ ይመጣል። ፎቶውንና ልኬቱን አሁኑኑ አነሳለሁ።

የአዳማው

ጤና ይስጥልኝ። ከአዳማ ነኝ። የእኔ ደግሞ ከላይ ነው፤ ኮርኒሱ ሥር፣ ሳሎን። በዚህ ደረቅ ወር! ጣሪያውን ሁለት ባለሙያ አይቶታል፣ ምንም የለውም ይላሉ። ምን ልጠርጥር?

ጡረተኛው ፎርማን

ከላዩ ወይም ከጎኑ ኤሲ አለ?

የአዳማው

አለ። ከግድግዳው ማዶ፣ መኝታ ቤት በኩል ነው የተሰቀለው።

ጡረተኛው ፎርማን

የኤሲው ውሃ መውጫ ቱቦ ግድግዳውን አቋርጦ ወደ ውጭ መውጣት አለበት። ውጭ ጫፉ ሥር ባልዲ አስቀምጥና ኤሲውን ከሰዓት በኋላ በሙቀቱ አብራው። ባልዲው ውስጥ ውሃ ካልተጠራቀመ ቱቦው ተደፍኖ ወይም ግድግዳው ውስጥ ተላቅቆ ይሆናል። መጀመሪያ ቱቦውን ከውጭ በኩል ነፍተህ አጽዳው፣ ካልሆነ የኤሲውን ክዳን የሚከፍት ሰው ጥራ። ጣሪያ ላይ ሰው አታውጣ።